ቁልፍና ቁልፍ ፈላጊ፦ የብሎክ ምስጠራ ጥቃቶች ታሪክ

የብሎክ ምስጠራ መረጃን እኩል መጠን ባላቸው ብሎኮች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ብሎክ በምስጢራዊ ቁልፍ እየታገዘ ቁልፉ የሌለው ሰው ሊያነበው ወደማይችል ጽሑፍ የሚለውጥ ስልት ነው። የባንክ ሒሳብ ዝውውር፣ የሞባይል ስልክ ጥሪና በኢንተርኔት የሚላክ መልእክት ዛሬ በአብዛኛው የሚጠበቁት በዚህ ስልት ነው። አሠራሩ ለማንም የታወቀ ሲሆን ምስጢር የሚሆነው ቁልፉ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ስልት የማይሰበር መሆኑን በሒሳብ ሙሉ በሙሉ ያረጋገጠ ሰው ግን የለም። አንድ ምስጠራ የሚታመነው ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት በአደባባይ ሲያጠቁት ቆይተው ሳይሳካላቸው ሲቀር ነው። ስለዚህ የብሎክ ምስጠራ ታሪክ የጥቃቶቹም ታሪክ ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ምስጠራ ቅርጹን ያገኘው ከቀደምቶቹ ድክመት በተገኘ ትምህርት ነው።

ሉሲፈርና ዴስ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በርሊን ተወልዶ በ1934 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ሆርስት ፌይስቴል በአይቢኤም ኩባንያ ውስጥ ሉሲፈር የተሰኘ የምስጠራ ቤተሰብ ነደፈ። በኋላ በስሙ የተጠራው አወቃቀር ሐሳብ ቀላል ነው። ብሎኩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ግማሽ ከቁልፉ ጋር ተቀላቅሎ ይደበላለቅና ውጤቱ በሌላኛው ግማሽ ላይ ይደመራል፤ ከዚያ ሁለቱ ግማሾች ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ አንድ ዙር ነው። አንድ ዙር ብቻውን ደካማ ቢሆንም ሲደጋገም በጽሑፉና በቁልፉ መካከል ያለው ግንኙነት ከዓይን ይሰወራል። ምስጠራውን ለመፍታትም ዙሮቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማካሄድ ይበቃል።

በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ምስጢር ያልሆኑ ነገር ግን ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው የመንግሥት መረጃዎችን የሚጠብቅ አንድ ወጥ ምስጠራ እንዲቀርብለት ጥሪ አደረገ። የቀረበው ስላላረካው በ1974 ጥሪውን ደገመው፤ በዚህ ጊዜ አይቢኤም ከሉሲፈር የዳበረ ንድፍ ይዞ መጣ። ንድፉ የአገሪቱ የስለላ ተቋም በሆነው የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ተመረመረ። በ1975 ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ በጃንዋሪ 1977 በይፋ ሲታወጅ ዴስ ተብሎ ተጠራ።

ዴስ 64 ቢት የሆነ ብሎክ ተቀብሎ 16 ዙር ያካሂዳል። የጥንካሬው እምብርት ስምንት የመተኪያ ሰንጠረዦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ 6 ቢት ተቀብሎ በ4 ቢት ይተካል። የቀረው የምስጠራው ክፍል ቢቶችን ከመደመርና ቦታ ከማለዋወጥ ስለማያልፍ ሰንጠረዦቹ ባይኖሩ ኖሮ ቁልፉን ተራ ቀመር በመፍታት ማግኘት ይቻል ነበር። ነገር ግን በሰንጠረዦቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በምን መስፈርት እንደተመረጡ አልተነገረም። ቁልፉም በሉሲፈር ከነበረበት 128 ቢት ወደ 56 ቢት ወርዷል። ሁለቱ ነገሮች ተደምረው የስለላ ተቋሙ በምስጠራው ውስጥ ለራሱ ስውር በር ትቷል የሚል ጥርጣሬ አስነሡ። በ1978 የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ባወጣው ማጠቃለያ ኤጀንሲው አይቢኤምን አጭሩ ቁልፍ በቂ እንደሆነ ማሳመኑን፣ በሰንጠረዦቹ ዝግጅትም በተዘዋዋሪ መርዳቱን ገለጸ። ጥርጣሬው ግን በዚህ አልበረደም።

በቁልፉ ርዝመት ላይ የተነሣው ክርክር

የመጀመሪያው ጥቃት ብልሃት የማይጠይቀው ነው፦ ትክክለኛው እስኪገኝ ድረስ ቁልፎቹን ሁሉ መሞከር። 56 ቢት ያለው ቁልፍ 2⁵⁶፣ ማለትም 72,000 ትሪሊዮን ገደማ አማራጮች አሉት። በ1977 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እያንዳንዳቸው በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቁልፍ የሚሞክሩ አንድ ሚሊዮን ቺፖች በአንድ ላይ ቢሠሩ ቁልፎቹ በሙሉ በ20 ሰዓት ውስጥ ተሞክረው እንደሚያልቁ አሰሉ። የማሽኑን ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር ገመቱት። ይህ ገንዘብ ለግለሰብ የማይቀመስ ቢሆንም ለአንድ ኃያል መንግሥት የስለላ ድርጅት ከባድ አይደለም። የቺፕ ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚረክስም ማሽኑ ወደፊት በሌሎች እጅ እንደሚገባ አስጠነቀቁ። የደረጃዎች ቢሮው ግምቱን አልተቀበለውም።

አጭሩን ቁልፍ ለማካካስ በሁለት የተለያዩ ቁልፎች ሁለት ጊዜ ማመስጠር በቂ መስሎ ይታይ ነበር፤ የሁለቱ ቁልፎች ድምር 112 ቢት ነውና። ዲፊና ሄልማን ይህ ተስፋ ባዶ መሆኑን አሳዩ። አጥቂው አንድ የሚያውቀውን ጽሑፍ በሁሉም የመጀመሪያ ቁልፎች አመስጥሮ ውጤቶቹን በሰንጠረዥ ይመዘግባል። ከዚያ የተመሰጠረውን ጽሑፍ በሁሉም የሁለተኛ ቁልፎች ወደ ኋላ እየፈታ ከሰንጠረዡ ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ ጉዞዎች መሃል ላይ ሲገናኙ የቁልፎቹ ጥንድ ይገኛል። ሥራው ከ2¹¹² ወደ 2⁵⁷ ይወርዳል፤ ዋጋው የሚከፈለው በማኅደረ ትውስታ ነው። መሃል ላይ የመገናኘት ጥቃት የተባለው ይህ ስልት ባንኮች ለረጅም ዘመን ሦስት ጊዜ የሚያመሰጥረውን ሦስትዮሽ ዴስ እንዲጠቀሙ ምክንያት ሆኗል። ሦስት የተለያዩ ቁልፎች ቢኖሩትም የሦስትዮሽ ዴስ ትክክለኛ ጥንካሬ 112 ቢት ያህል ብቻ ተደርጎ የሚቆጠረውም በዚሁ ጥቃት የተነሣ ነው።

በ1980 ሄልማን ጊዜንና ማኅደረ ትውስታን የሚያቻችል ሌላ ስልት አቀረበ። አጥቂው አንድ ጊዜ ረጅም ቅድመ ስሌት ሠርቶ የተመረጡ ውጤቶችን ካስቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቁልፍ ሁሉንም ከመሞከር እጅግ ባነሰ ጊዜ ያገኛል።

ልዩነትን መከታተል

እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአደባባይ የታወቁት እነዚህ ጥቃቶች የዴስን ውስጣዊ አሠራር አይነኩም ነበር። መንገዱ የተከፈተው በሌላ ምስጠራ በኩል ነው። በ1987 የጃፓኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤንቲቲ ባለሙያዎች ፌአል የተባለ ፈጣን ምስጠራ አቀረቡ። የመጀመሪያው ቅጂ አራት ዙር ብቻ ነበረው፤ በዓመቱ ባርት ዴን ቡር ሰበረው። ነዳፊዎቹ ዙሩን ወደ ስምንት አሳደጉት፤ ይህም አላዳነው። ፌአል ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለአዳዲስ የጥቃት ስልቶች መሞከሪያ ሆኖ አገለገለ።

በ1990 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪ የሆነው አዲ ሻሚርና የዶክትሬት ተማሪው ኤሊ ቢሃም የልዩነት ትንተናን ይፋ አደረጉ። የስልቱ መነሻ ጥንድ ጽሑፍ ነው። አጥቂው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ራሱ የወሰነውን ሁለት ጽሑፎች መርጦ ያስመሰጥራል። በየዙሩ የሚደመረው ቁልፍ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ከልዩነቱ ውስጥ ተጣፍቶ ይወጣል፤ አጥቂው ቁልፉን ሳያውቅ ልዩነቱን መከታተል የሚችለው ለዚህ ነው። እንቅፋት የሚሆነው የመተኪያ ሰንጠረዡ ነው፤ እዚያ የገባው ልዩነት ምን ሆኖ እንደሚወጣ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ነገር ግን ሰንጠረዡ ትንሽ በመሆኑ እያንዳንዱ የመግቢያ ልዩነት ወደ የትኛው የመውጫ ልዩነት ስንት ጊዜ እንደሚያመራ ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። ከሌሎቹ በላቀ ድግግሞሽ የሚታዩት ልዩነቶች ዙር ከዙር ሲቀጣጠሉ ከምስጠራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አካባቢ የሚዘልቅ መንገድ ይሠራሉ። አጥቂው ከብዙ ጥንዶች በመነሣት ለመጨረሻው ዙር ቁልፍ የሚሆኑ ግምቶችን ይሞክራል፤ ትክክለኛው ግምት የተጠበቀውን ልዩነት ከሌሎቹ አብልጦ ስለሚያሳይ በቆጠራ ይለያል።

ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1992 ባቀረቡት ሥራ 16ቱንም የዴስ ዙሮች በ2⁴⁷ የተመረጡ ጽሑፎች ማጥቃት እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ሁሉንም ቁልፎች ከመሞከር ያነሰ ሥራ ነው። በተግባር ግን ከአንድ ሚሊዮን ጊጋባይት በላይ የሆነ ጽሑፍ በተጠቂው ቁልፍ እንዲመሰጠር ማድረግን ስለሚጠይቅ የማይሞከር ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ግኝታቸው ነው። የዴስ ሰንጠረዦች በዘፈቀደ በተሞሉ ሰንጠረዦች ቢተኩ ምስጠራው እጅግ በቀላሉ ይሰበራል። ሰንጠረዦቹ ይህን ጥቃት እንዲቋቋሙ ታስበው የተሠሩ ይመስሉ ነበር።

እውነቱም ይኸው ነበር። በ1994 ከዴስ ነዳፊዎች አንዱ የነበረው ዶን ኮፐርስሚዝ የአይቢኤም ቡድን ጥቃቱን ገና በ1974 ያውቀው እንደነበረና ሰንጠረዦቹንም ለእሱ እንዳይበገሩ አድርጎ እንደመረጣቸው ገለጸ። መስፈርቱ የተሸሸገው ከብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ጋር ከተመከረበት በኋላ ነው፤ መስፈርቱን መግለጽ ጥቃቱን መግለጽ ይሆን ነበርና፤ ጥቃቱ ደግሞ በብዙ ሌሎች ምስጠራዎች ላይ የሚሠራ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጥርጣሬ በከፊል ተገላበጠ። በሰንጠረዦቹ ላይ የተጠረጠረው እጅ ዴስን አጠንክሮታል፤ እውነተኛው ድክመት ዲፊና ሄልማን ከመነሻው ያመለከቱት የቁልፉ እጥረት ነበር።

መስመራዊ ትንተና

የዴስ ነዳፊዎች ያልተዘጋጁለት ጥቃት የመጣው ከጃፓን ነው። የሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሚትሱሩ ማትሱይ በ1993 መስመራዊ ትንተናን በዴስ ላይ አቀረበ። ስልቱ የጽሑፉን፣ የምስጥሩንና የቁልፉን የተወሰኑ ቢቶች የሚያያይዝ ቀመር ይፈልጋል። በፍጹም ምስጠራ እንዲህ ያለው ቀመር ከሙከራዎቹ በግማሹ ያህል ብቻ ትክክል ይሆናል። ከግማሽ ፈቀቅ የሚል ቀመር ከተገኘ ግን አጥቂው ብዙ ናሙና ሰብስቦ ወደ የትኛው ወገን እንዳጋደለ በማየት ስለ ቁልፉ መረጃ ያገኛል። በዴስ አምስተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉልህ ማጋደል አለ፤ ከ64 መግቢያዎች 32 ጊዜ ሊሟላ የሚገባው ግንኙነት የሚሟላው 12 ጊዜ ብቻ ነው። ሻሚር ይህን መዛባት በ1985 አመልክቶት የነበረ ሲሆን ማትሱይ ዙር ከዙር አገናኝቶ ወደ ጥቃት ለወጠው።

የልዩነት ትንተና አጥቂው ጽሑፎቹን ራሱ እንዲመርጥ ያስገድዳል። ለመስመራዊ ትንተና ግን አጥቂው የሚያውቃቸው ማንኛቸውም ጽሑፎች ከነምስጥራቸው በቂ ናቸው። በ1994 ማትሱይ ስልቱን አሻሽሎ የሚያስፈልገውን ጽሑፍ ወደ 2⁴³ አወረደና ሙከራውን በተግባር አካሄደ። 12 ኮምፒውተሮች ለ50 ቀናት ሠርተው ቁልፉ ተገኘ፤ ከዚህ ውስጥ 40ው ቀን ያለፈው ጽሑፎቹንና ምስጥሮቹን በማዘጋጀት ነው። ሙሉው ዴስ ሁሉም ቁልፍ ሳይሞከር በሙከራ ሲሰበር ይህ በአደባባይ የታወቀ የመጀመሪያው ነበር። ማትሱይ በ1995 ሁለቱንም ትንተናዎች እንዲቋቋም በሒሳብ የተሰላ ሚስቲ የተባለ ምስጠራ ነደፈ፤ ሰባሪ የነበረው ሰው ከጥቃቱ የተማረውን ወደ ንድፍ ለወጠው።

ማሽኑ ደረሰ

የቺፕ ዋጋ እየረከሰ ሲሄድ በ1977 የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ቀኑ ደረሰ። በ1993 ማይክል ዊነር በአንድ ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ቁልፉን በአማካይ በሦስት ሰዓት ተኩል የሚያገኝ ማሽን በዝርዝር ነደፈ። በ1997 አርኤስኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዴስ የተመሰጠረ መልእክት ለሚፈታ ሽልማት አቀረበ። በሮክ ቨርሰር የተመራ ቡድን በኢንተርኔት የተሳሰሩ የፈቃደኞችን ኮምፒውተሮች በሺዎች አሰልፎ በጁን ወር፣ ከቁልፎቹ ሩብ ያህሉ ተሞክረው፣ ትክክለኛውን አገኘ።

በጁላይ 1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተሰኘው ለዲጂታል መብት የሚሟገት ድርጅት ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ያሠራውን ማሽን ይፋ አደረገ። ዲፕ ክራክ የተባለው ይህ ማሽን ከ1,800 በላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ ቺፖች ነበሩት፤ ቁልፉን በ56 ሰዓት አገኘ። በጃንዋሪ 1999 ይኸው ማሽን ከኢንተርኔት ፈቃደኞች ጋር ተባብሮ ሌላ ቁልፍ በ22 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ውስጥ አገኘ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ዓላማቸውን አልሸሸጉም። ባለሥልጣናት ዴስ አሁንም ያስተማምናል እያሉ በሚከራከሩበት ጊዜ የማሽኑን ንድፍ አሳትመው ለሕዝብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አበቃ።

አዳዲስ ስልቶችና የኤኢኤስ ውድድር

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጥቃቶቹ ተባዙ። ቢሃም፣ አሌክስ ቢርዩኮቭና ሻሚር የልዩነት ትንተናን ገልብጠው ፈጽሞ ሊከሠት የማይችል ልዩነት መፈለግ ጀመሩ፤ የማይቻለውን ልዩነት የሚያስከትል ማንኛውም የቁልፍ ግምት ስሕተት ስለሆነ ይጣላል፤ ሳይጣል የቀረው ትክክለኛው ነው። በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ስኪፕጃክ የተባለውን የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ምስጠራ ከምስጢርነት ሲያወጣ በዚህ ስልት ከ32 ዙሮቹ 31ዱን ማጥቃት ተችሏል። በ1999 ዴቪድ ዋግነር ቡመራንግ ጥቃትን አቀረበ። አንድ ረጅም መንገድ ከመፈለግ ይልቅ ምስጠራውን ለሁለት ከፍሎ ሁለት አጫጭርና ጠንካራ መንገዶችን የሚያገናኝ ስልት ነው። በዚህ ስልት የተሰበረው ኮኮናት የተባለ ምስጠራ ተራውን የልዩነት ትንተና እንደሚቋቋም በሒሳብ የተረጋገጠለት ነበር፤ ማረጋገጫ የሚጠብቀው በስሌቱ ውስጥ ከገባው ጥቃት ብቻ እንደሆነ በዚህ ታየ። በዚያው ዓመት ቢርዩኮቭና ዋግነር ዙሮቻቸው ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ ምስጠራዎችን፣ የዙሩ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን፣ የሚያጠቃ የማንሸራተት ጥቃትን አሳዩ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ጎን ለጎን የዴስ ተተኪ ፍለጋ ይካሄድ ነበር። የደረጃዎች ቢሮው ተተኪ የሆነው ኒስት በ1997 ዓለም አቀፍ ውድድር ጠራ፤ ዴስ ከተወለደበት ድብቅ መንገድ ፈጽሞ የተለየ ሒደት ነበር። ከየአገሩ 15 ንድፎች ቀረቡ፤ ተወዳዳሪዎች አንዱ የሌላውን ንድፍ በአደባባይ አጠቁ፤ በ1999 አምስት ቀሩ። በኦክቶበር 2000 የቤልጂየማውያኑ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን ሥራ የሆነው ራይንዳል ተመረጠ፤ በኖቬምበር 2001 ኤኢኤስ ተብሎ ደረጃ ሆነ። ብሎኩ 128 ቢት፣ ቁልፉ 128፣ 192 ወይም 256 ቢት ነው።

ኤኢኤስ ያለፉትን ጥቃቶች ትምህርት በሒሳቡ ውስጥ ይዟል። በመተኪያ ሰንጠረዡ ውስጥ ማንኛውም ልዩነት ወደ አንድ የተወሰነ ውጤት የማምራት ዕድሉ ከ256 ቢበዛ 4 ነው። የማደባለቂያው ክፍል ደግሞ በማንኛቸውም አራት ተከታታይ ዙሮች ውስጥ የልዩነት መንገድ ቢያንስ 25 ሰንጠረዦችን እንዲያቋርጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ የአራት ዙር መንገድ ዕድል ከ2¹⁵⁰ አንድ አይበልጥም፤ ብሎኩ 128 ቢት ብቻ ስለሆነ አጥቂው መንገዱን ለመጠቀም የሚበቃ ጽሑፍ በዓለም ላይ አያገኝም። መስመራዊ ትንተናንም የሚገታው ተመሳሳይ ስሌት ነው። ነዳፊዎቹ ከራሳቸው የቀድሞ ሥራ ከስኩዌርም ተምረዋል፤ በ1997 ላርስ ክኑድሰን በዚያ ምስጠራ ላይ አዲስ ጥቃት ሲያገኝ የዙሩን ቁጥር ከስድስት ወደ ስምንት ማሳደግ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ከሒሳቡ ውጭ የመጣ ጥቃት

ሒሳቡ ሲጠነክር አጥቂዎች ፊታቸውን ወደሚያሰላው መሣሪያ አዞሩ። በ1996 ፖል ኮቸር አንድ ስሌት የሚወስደው ጊዜ ስለ ምስጢራዊ ቁልፍ መረጃ እንደሚያሾልክ አሳየ። በ1997 ቢሃምና ሻሚር በቺፕ ላይ ሆን ተብሎ የሚፈጠር የስሌት ስሕተት የዴስን ቁልፍ እንደሚያጋልጥ ገለጹ። በ1999 ኮቸር፣ ጆሹዋ ጃፌና ቤንጃሚን ጀን ስማርት ካርድ በሚያመሰጥርበት ጊዜ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ኃይል ለክተው በስታቲስቲክስ ቁልፉን ማውጣት እንደሚቻል አስረዱ። ይህ ጥቃት ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ የባንክና የስልክ ካርድ አምራቾችን የቺፕ አሠራር እንዲለውጡ አስገድዷል። ኤኢኤስም አላመለጠም፤ በ2005 ዳንኤል በርንስታይን ኮምፒውተሩ ሰንጠረዡን ከማኅደረ ትውስታ ለማንበብ በሚወስደው ጊዜ መለዋወጥ ብቻ ቁልፍ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ብዙ ፕሮሰሰሮች ለኤኢኤስ የተለየ ትእዛዝ በውስጣቸው የተሠራላቸው ለፍጥነትም፣ ይህን ማሾለኪያ ለመዝጋትም ነው።

ከ2005 ወዲህ

ዴስ በ2005 ከደረጃነት ተሰረዘ። ሦስትዮሽ ዴስ ቆየ፤ ሆኖም የ64 ቢት ብሎኩ ሌላ ድክመት አጋለጠ። በአንድ ቁልፍ 2³² ብሎኮች፣ ማለትም 32 ጊጋባይት ያህል ሲመሰጠሩ ሁለት ተመሳሳይ የምስጥር ብሎኮች የመገናኘታቸው ዕድል ከፍ ይላል፤ ግጥምጥሞሹም ስለ ጽሑፎቹ መረጃ ይሰጣል። በ2016 ካርቲክያን ባርጋቫንና ጋኤታን ለርን ይህን የታወቀ ሒሳብ በኢንተርኔት ግንኙነት ላይ በተግባር አዋሉት። ኒስት ከ2023 መጨረሻ በኋላ ሦስትዮሽ ዴስ ለማመስጠር እንዳይውል ከልክሏል። በ2015 ደግሞ ዮሱኬ ቶዶ በስኩዌር ላይ የተጀመረውን ጥቃት አስፋፍቶ ሙሉውን ሚስቲ ሁሉንም ቁልፍ ከመሞከር ባነሰ ሥራ አጠቃ፤ ጥቃቱ በተግባር የሚፈጸም ባይሆንም ሚስቲ ሲነደፍ ያልታሰበ መንገድ መኖሩን አሳይቷል።

በኤኢኤስ ላይ የተገኘው ውጤት እስካሁን አነስተኛ ነው። በ2009 ቢርዩኮቭና ድሚትሪ ኮቭራቶቪች የ256 ቢት ቁልፍ ያለውን ኤኢኤስ አጠቁ፤ ጥቃቱ ግን አጥቂው የታወቀ ዝምድና ባላቸው ቁልፎች የተመሰጠረ ጽሑፍ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ በትክክል በተሠራ ሥርዓት ይህ አይከሠትም። በ2011 አንድሬይ ቦግዳኖቭ፣ ኮቭራቶቪችና ክርስቲያን ሬክበርገር የ128 ቢት ቁልፍን ፍለጋ ወደ 2¹²⁶·¹ ዝቅ የሚያደርግ ስልት አገኙ። ለሒሳብ ሊቃውንት ይህ ታላቅ ውጤት ነው፤ ለተጠቃሚው ግን ልዩነት አያመጣም፤ ፍለጋውን አራት እጥፍ እንኳ አላቀለለውም። የኳንተም ኮምፒውተር ቢደርስም በ1996 ሎቭ ግሮቨር ያገኘው የፍለጋ ስልት የቁልፉን ውጤታማ ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል እንጂ ምስጠራውን አያፈርስም፤ 256 ቢት ቁልፍ ለዚያ ጊዜም በቂ ተደርጎ ይቆጠራል።

የ128 ቢት ቁልፍ ያለው ኤኢኤስ አሥር ዙር አለው። የልዩነት ትንተናና ዘመዶቹ እስካሁን የደረሱት እስከ ሰባተኛው ዙር ነው። የቀሩት ሦስት ዙሮች በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲገፉት የኖሩት፣ ዛሬም የሚገፉት ርቀት ናቸው። ምስጠራው በሰው ዘንድ ያገኘው እምነት ልኩ ይኸው ርቀት ነው፤ ያ እምነት ተጠብቆ የሚቆየውም ጥቃቱ በአደባባይ እስከቀጠለ ድረስ ብቻ ነው።